ሬይላን ጊቨንስን ለምን አገሩ መለሱት?

ጥያቄው ይኸውና፦ «‹ጀስቲፋይድ›ን ማየት ጀመርኩና ገና በመጀመሪያው ክፍል ተናደድኩ። ሬይላን ጊቨንስ የሚባለው የፌዴራል ማርሻል ማያሚ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ተኩሶ ገደለ። አልታሰረም፣ አልተባረረም። ወደ ትውልድ አገሩ አዛወሩት። እዚያ ደግሞ የድሮ ጓደኛውንና የገዛ አባቱን ያሳድዳል። ይሄ በአሜሪካ ሕግ ይቻላል ወይስ የፊልም ወሬ ነው? አንተ ፍርድ ቤት ስለምትውል ንገረኝ።»

እውላለሁ እህቴ። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፤ ማርሻሎችን በየሳምንቱ አያቸዋለሁ። ድራማውንም ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። አጭሩ መልስ፦ ግማሹ ይቻላል፣ ግማሹ አይቻልም። ድራማውን ድራማ ያደረገው ግን የማይቻለው ግማሽ ነው። ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማወጣው፣ ያላየ ሰው አይቶ ይመለስ።

መጀመሪያ ማርሻል ማን እንደሆነ እንግባባ። እኔ የማያቸው ማርሻሎች እንደ ሬይላን ሰፊ ባርኔጣ አያደርጉም። ሙሉ ልብስ ለብሰው ከተከሳሹ ኋላ ይቀመጣሉ። ከችሎቱ ጎን ያለው በር ሲከፈት መጀመሪያ የሰንሰለት ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ሰውዬው ይገባል። እኔ አጠገቡ ሆኜ በሹክሹክታ ስተረጉም አንደኛው ማርሻል ዓይኑን ከእጄ አይነቅልም። እስክሪብቶዬን ነው የሚያየው። የመጀመሪያ ሰሞን ይከፋኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ እስክሪብቶ ከእኔ እጅ ወደ ተከሳሹ እጅ ለመሻገር አንድ ስንዝር ነው የሚቀረው።

መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1789 የተቋቋመ ነው (ከዚህ በታች ያለውንም ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች በተቋቋሙበት በዚያው ሕግ። አገሪቱ በ94 የፌዴራል የዳኝነት ወረዳዎች ተከፋፍላለች። የየወረዳው ዋና ማርሻል በፕሬዚዳንቱ ተሹሞ በሴኔት ይጸድቃል። ሬይላን ግን ሹመኛ አይደለም፣ ምክትል ማርሻል የሚባለው ተቀጣሪ ነው። ሥራቸው ዳኞችን መጠበቅ፣ እስረኛ ማመላለስ፣ ምስክር መደበቅ፣ የተወረሰ ንብረት መያዝና ከሁሉ በላይ ከፍርድ ያመለጠን ሰው ማደን ነው።

ይህቺን የመጨረሻዋን ያዢልኝ። ማርሻል የመንደር ነፍስ ግድያ አይመረምርም። እሱ የሸሪፉና የስቴት ፖሊሱ ነው። ሸሪፍ ደግሞ በየካውንቲው ሕዝብ ይመርጠዋል፤ የሬይላን ትውልድ ስቴት ኬንታኪ 120 ካውንቲ አላት፣ አገሩ ሃርላን አንዱ ነው። እንግዲህ ሬይላን በሃርላን ጉዳይ ሁሉ እጁን የሚያስገባው በምን ሥልጣን ነው? ልብ ብለሽ ካየሽ ጸሐፊዎቹ ሁልጊዜ ሰበብ ፈልገው ያስቀምጣሉ። ወይ ያመለጠ እስረኛ አለ፣ ወይ የሚጠበቅ ምስክር፣ ወይ ዛቻ የደረሰበት ዳኛ። ሬይላን በዚያች ቀዳዳ ይገባና ቤቱን ሙሉ ይበረብራል። አንዳንዱ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው፣ አልክድም።

አሁን ወደ ግድያው። ሬይላን ቶሚ ባክስ ለሚባል የወንጀል ቡድን ገዳይ «በ24 ሰዓት ውስጥ ማያሚን ለቀህ ውጣ» ይለዋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሆቴል ጣሪያ ላይ ምሳ ሊበላ ሲል ያገኘዋል። ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ደቂቃ ይቆጥርለታል። ሰውዬው ሽጉጥ ሲመዝ ሬይላን ቀድሞ ይተኩሳል። ከዚያ በኋላ መከላከያው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፦ መጀመሪያ የመዘዘው እሱ ነው።

የድራማው ስም ከዚህ የመጣ ነው፤ ቃሏም ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ናት። «ጀስቲፋይድ»ን ችሎት ውስጥ ስትሰሚ በአማርኛ ምን ትያለሽ? ሥራ ስጀምር አንድ ቀን «ትክክለኛ ተኩስ ነበር» ብዬ ተረጎምኩት። ቃሉ ገና ከአፌ ሳይወጣ ጎረበጠኝ። የሞተ ሰው ቤተሰብ ፊት «ትክክለኛ» ይባላል? አሁን «በሕግ የተፈቀደ» እላለሁ። በእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ላይ ሕጋዊ መከላከል የሚባለው የዚሁ ዘመድ ነው። ሕግ ፈቀደ ማለት ግን ሰውየው ደግ አደረገ ማለት አይደለም። ስድስቱ ምዕራፍ ሙሉ የሚሽከረከረው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ወሰን አስቀመጠ፤ የሚሸሽ ሰው ስለሸሸ ብቻ አይተኮስበትም፣ አደገኛነቱን የሚያሳምን ምክንያት ያስፈልጋል። በ1989 ደግሞ የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም የሚለካው በቦታው ላይ የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ሊያደርገው በሚችለው ነው አለ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ጠበብ አድርገው ያዙት። የምናየው ጥይቱ የተተኮሰባትን ቅጽበት ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት ፖሊሱ ምን ሲያደርግ ነበር የሚለው አያገባንም አሉ። ሬይላን የሚኖረው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው። ሽጉጥ አወጣ? አወጣ። አበቃ።

በግንቦት 2025 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባርንስ እና ፊሊክስ በተከራከሩበት የቴክሳስ ጉዳይ ይህን አሠራር በአንድ ድምፅ ሻረው። የነገሩ አጠቃላይ ሁኔታ ነው መታየት ያለበት፣ አንዲት ቅጽበት ብቻዋን አትበቃም አለ። ፖሊሱ ራሱ አደጋውን ከፈጠረው ምን ይሆናል የሚለውን ግን ሳይመልስ አለፈው። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ወንጀል ሌላ መለኪያ አለው። ቢሆንም ሬይላንን ዛሬ አንድ የካሳ ጠበቃ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሽጉጡ አይደለም። «ሰውን በ24 ሰዓት ውስጥ ከከተማ ውጣ የማለት ሥልጣን ከየት አመጣህ?» ነው የሚለው። የትም የለም። ማንም ማርሻል ሰው ከከተማ የማባረር መብት የለውም። ዕለቱን ሙሉ ሲዝትበት ውሎ ነው በመጨረሻዋ ሰከንድ «ራሴን ተከላከልኩ» ያለው። ድራማውም ይህን አልዘለለውም፤ ቫስኬዝ የሚባል ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ይዞ ሲከታተለው ታያለሽ።

እና ለምን አልተባረረም? እዚህ ላይ ድራማው ብዙም አልዋሸም። እንዲህ ያለ ተኩስ ሲኖር ምርመራ ይከፈታል፤ ሰውየውን ከዓይን ዘወር ማድረግ ደግሞ የአለቆች የቆየ ዘዴ ነው። እኛም አገር ያስቸገረ የመንግሥት ሠራተኛ ሩቅ ወረዳ ሲመደብ አይተናል። ለሬይላን የደረሰው ሌክሲንግተን ያለው ቢሮ ነው፤ የኬንታኪ ምሥራቃዊ ወረዳ። ሃርላን ካውንቲም እዚያው ወረዳ ውስጥ ነው። አለቃው አርት ማለን ድሮ ግሊንኮ፣ ጆርጂያ በሚገኘው የፌዴራል ማሠልጠኛ አብሮት አስተምሯል። አገሩን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ አለ፣ ወሰደው። እስከዚህ ይቻላል።

የማይቻለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለሠራተኞቹ ያወጣው ደንብ አለ። ከተጠርጣሪው ጋር የግል ግንኙነት ያለው ሠራተኛ በዚያ ሰው የወንጀል ምርመራ አይሳተፍም ይላል። ደንቡ ዘመድ እየጠራ ይቆጥራል፦ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት። እነዚህ ካሉ ግንኙነት እንዳለ ይገመታል። ጓደኝነት ግን እንደየሁኔታው ይታያል። ማርሻሎች የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ በአባቱ በአርሎ ጊቨንስ ጉዳይ ሬይላን ገና ከበሩ መመለስ ነበረበት። በልጅነት ጓደኛው በቦይድ ክራውደር ጉዳይ ግን ሊከራከር ይችላል። አርት አልፎ አልፎ «ከዚህ ጉዳይ ውጣ» ይለዋል። ሬይላን እሺ ይልና መኪናውን አስነስቶ ወደ ሃርላን ይነዳል።

የሃርላን ሰው ስለዚህ ሁሉ ሕግና ደንብ ደንታ የለውም። ማንም «መጀመሪያ የመዘዘው ማነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ሬይላን ማያሚ ላይ የማርሻልነት ምልክት የሆነውን ኮከብ ያደረገ ሰው ነበር። ሃርላን ሲገባ የአርሎ ልጅ ነው። አርሎ ሌባ ነው፣ ተደባዳቢ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቤተሰቡ በተቀበረበት ግቢ ውስጥ የሬይላን ስም ያለበት የመቃብር ድንጋይ ከወዲሁ ተተክሎ ይጠብቀዋል። ምን የሚሉት አቀባበል ነው!

ይህ ከጸሐፊዎቹ ምናብ ብቻ የወጣ አይደለም። ሃርላን እውነተኛ ካውንቲ ነው፤ በኬንታኪ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከቨርጂኒያ ድንበር ሥር። የድንጋይ ከሰል አገር ነው። በ1940 ከ75 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በ2020 ቆጠራ 27 ሺህ እንኳ አልሞላም። በ1930ዎቹ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር እናቋቁም ሲሉ ደም ፈሰሰ። ግንቦት 5 ቀን 1931 ኤቫርትስ አጠገብ ተኩስ ተከፍቶ አራት ሰው ሞተ። «ደማሙ ሃርላን» የሚለው ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። በዚያን ጊዜ የሸሪፉ ምክትሎች አብዛኞቹ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከከሰል ኩባንያዎቹ ነበር። ኮከቡን የሚሰጠው ካውንቲው፣ እንጀራውን የሚሰጠው ኩባንያው። ፍሎረንስ ሪስ የምትባል የማዕድን ሠራተኛ ሚስት የሸሪፉ ሰዎች ቤቷን ከፈተሹባት በኋላ የጻፈችው ዘፈን እስከዛሬ ይዘፈናል፤ ጥያቄው «ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚል ነው። እንዲህ ባለ አገር ኮከብ ያደረገ ሰው ሲመጣ ሕዝቡ መጀመሪያ ማን እንደላከው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ይህን የያዘበት መንገድ ለእኔ የድራማው ጫፍ ነው። ማግስ ቤኔት የምትባል ሱቅ ያላት እናት አለች። ማርጎ ማርቲንዴል ተጫውታት በ2011 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደችበት። ማግስ ኮረብታውን በሙሉ በማሪዋናና በልጆቿ ይዛዋለች። ዋልት ማክሪዲ የሚባል ምስኪን ሰው ሴት ልጁን አንድ ወራዳ ሲያስቸግርበት ለውጭ ሕግ ይደውላል። ሬይላን የሚመጣው በዚያ ነው። ማግስ ዋልት ቤት ትሄዳለች። ከማሰሮዋ የፖም አረቄ ትቀዳለታለች። እሷም ትጠጣለች። እየተጨዋወቱ ነው። ከዚያ ሰውዬው ጉሮሮውን መያዝ ይጀምራል። መርዙ አረቄው ውስጥ አልነበረም፣ አስቀድሞ ብርጭቆው ውስጥ ነበር። እጁን ይዛ፣ እያባበለች፣ እስኪሞት ትጠብቀዋለች። ከእሷ ኮረብታ ማሪዋና ሰርቆ ማብቀሉ አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ጥፋቱ ግን ችግሩን ለእሷ ሳይነግር ለባዕድ መንገሩ ነው። የወንድ አያቶቻችንን የሽማግሌ ወግ የሚያውቅ ሰው ይህን ሴትዮ ይጠላታል እንጂ አይደናገርባትም። «ገመናችንን ለምን ደጅ አወጣህ?» የሚለውን ድምፅ ሰምቶት ያውቃል።

በምዕራፉ መጨረሻ ማግስ ከሬይላን ጋር ቁጭ ብላ ያንኑ አረቄ ትቀዳለች። እሱ ብርጭቆውን ያያል። እኛም እናያለን። በዚህ ጊዜ መርዙ ያለው በራሷ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሺና ማዕዶቹን ቁጠሪ። ቶሚ ባክስ የተመታው ምሳ ላይ ነው። ኤቫ የምትባለው ሴት የሚደበድባትን ባሏን ቦውማንን የገደለችው እራት እየበላ ነው። በመጨረሻም ሬይላን ቦይድን የሚመታው እዚያው የኤቫ ገበታ ላይ፣ የተጠበሰ ዶሮ ቀርቦ ነው። ቦይድ ደግሞ ከዚያ በፊት ለሬይላን «24 ሰዓት ሰጥቼሃለሁ፣ ከሃርላን ውጣ» ብሎታል። ማያሚ ላይ የተናገራት ቃል ዞራ መጣችበት። ሕጉ የኤቫንና የሬይላንን ተኩስ ለየብቻ ይመዝናል፤ የኤቫ ባል እየበላ እንጂ እየመዘዘ አልነበረም፣ ስለዚህ ለኤቫ ይከብዳታል። የሃርላን ሰው ግን ቦውማን ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ስለሚያውቅ ብዙም አልገረመውም።

ድራማው የተነሣበት የኤልሞር ሊኦናርድ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ቦይድ እዚያ ገበታ ላይ ይሞታል። የመጀመሪያው ክፍል ሲቀረጽም ዕቅዱ መሞት ነበር። ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ቦይድን የተጫወተውን ዋልተን ጎጊንስን ስለወደዱት የድራማው ፈጣሪ ግሬሃም ዮስትና ጸሐፊዎቹ አተረፉት። ይህ ባይሆን ኖሮ የምናየው በየሳምንቱ አንድ ወንበዴ የሚይዝ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ አንዳንድ ክፍል አሁንም እንደዚያ ነው፣ እዚያ ላይ እንዳትተዪው። ቦይድ በመትረፉ ሬይላን መስተዋት አገኘ። ሁለቱም በ19 ዓመታቸው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከሰል ቆፍረዋል። ሁለቱም ወንጀለኛ አባት አላቸው። አንዱ ሸሸ፣ አንዱ ቀረ። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ይህ ነው። ሬይላን ዕድሜውን ሙሉ የሸሸ ሰው ሲያድን ኖሯል፤ ራሱ ግን ከሃርላን የሸሸ ነው። አለቆቹ አገሩ ሲመልሱት ያደረጉት ሌላ ነገር አይደለም፣ ያመለጠውን ያዙት።

አባቱስ? በሦስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ አርሎ አንድ የስቴት ፖሊስ ይገድላል። ለምን ሲባል፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ቦይድ ላይ ሽጉጥ ደግኖ አየሁ ይላል። ባርኔጣ ያደረገ ሰው! ሬይላን ይህን ለቀድሞ ሚስቱ ለዊኖና ሲነግራት ድምፁን ከፍ አያደርግም። አባቱ ሲተኩስ ያ ሰው ልጁ አለመሆኑን አያውቅም ነበር። የደንቡን ዝርዝር አስታውሺ፣ መጀመሪያ የተጻፈው አባት ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች መርማሪው ለዘመዱ ያዳላል ብለው ነው የፈሩት። አርሎን አያውቁትም።

አሁን የጥያቄሽ ጫፍ ላይ ደረስኩ። አንቺ የተናደድሽው በመጀመሪያው ትዕይንት ነው። ሬይላን ሕጉን በግልጽ የሚጥሰው ግን በመጨረሻው ክፍል፣ ሚያዝያ 2015 በተላለፈው ላይ ነው፤ ሽጉጥም አልመዘዘም። ኤቫ ገንዘብ ይዛ ጠፍታ የምትፈለግ ሰው ሆናለች። ከዓመታት በኋላ ሬይላን ካሊፎርኒያ ውስጥ ያገኛታል። ልጅ ወልዳለች፤ ልጁ የቦይድ ነው። ለምነዋለች፤ ይተዋታል። ሥራው ያመለጠ ሰው መያዝ የሆነ ማርሻል ያመለጠች ሴት በሩ ላይ ቆማ አይቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ይህን የሚፈቅድ ምንም አንቀጽ የለም፣ እኔም የምተረጉምበት ቃል የለኝም።

ከዚያ ኬንታኪ ድረስ ሄዶ ቦይድን እስር ቤት ይጠይቀዋል። ኤቫ በመኪና አደጋ ሞታለች ይለዋል። ውሸት ነው። ቦይድ ዝም ብሎ ያዳምጥና፣ ይህንን ለመናገር በአካል ለምን መጣህ፣ ስልክ አልነበረም ወይ ይለዋል። ሬይላን ትንሽ ያስባል። መልሱ ከሰል አብረን ስለቆፈርን ነው የሚል ይሆናል። ቦይድም ልክ ነህ ይለዋል።